የጎንደር ሳምንት

ኮምቦልቻ ላይ ቀን የሚቆጠረው በሥዕል ነው። መስከረም ሲጠባ የዋሻ ሳምንት ይገባል፤ ሰው ሁሉ እንደ ክብሪት እንጨት ይቀጥናል፣ ፊት የሚባል ነገር አይኖረውም፤ ላሟ ግን ቀንዷም ጡቷም ሳይጓደል ደምቃ ትታያለች። የጥንት ሰዎች ለከብት እንጂ ለሰው ግድ አልነበራቸውም መሰለኝ። ቀጥሎ ግብፅ ነው፤ አገሩ በሙሉ በጎኑ ይሄዳል። ከዚያ የእብነ በረድ ሳምንት ይመጣል፤ እናቶች ልጆቻቸው ነጥተው፣ ብሌናቸው ጠፍቶ ሲያዩ እያማተቡ ይሰነብታሉ። የወርቁ፣ የፍሎረንሱ፣ የጥላው እያለ ሰኔ ላይ የጉም ሳምንት ይደርሳል። ሐምሌ ላይ ደግሞ የስባሪ ሳምንት አለ፤ ገበያ ውስጥ አፍንጫዋ ጆሮዋ ላይ የበቀለ ነጋዴ ከባለ ሦስት አገጭ ደንበኛዋ ጋር በሽንኩርት ዋጋ ስትጨቃጨቅ ማንም አይገርመውም። ጳጉሜን ለረቂቁ ተሰጥታለች። በእነዚያ አምስት ቀናት ቀለም እንጂ ሰው ስለማይታይ፣ የሚተዋወቀው በድምፅ ብቻ ነው፤ ሰርግ አይደገስም።

ይህን ሁሉ የሚያሳየው ዓይን ውስጥ የሚገባው ሌንስ ነው፤ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ለሁሉም ገብቷል፤ አንዴ ከገባ አይወጣም። ለትምህርት ነው ተብሎ ነበር የተጀመረው፤ ሕዝቡ የሥዕልን ታሪክ ከዋሻ እስከ ዛሬ እየኖረበት እንዲማር። እውነት ለመናገር ተምሯል። የኮምቦልቻን ባጃጅ ነጂ ስለ ጥላና ብርሃን ብትጠይቀው አፉን ሞልቶ ያስረዳሃል። የጎረቤትህ መልክ ምን ዓይነት ነው ብትለው ግን "በየትኛው ሳምንት?" ይልሃል።

የጎንደር ሳምንት የተጨመረው ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ ነው፤ "የኛስ የት አለ?" ተብሎ ብዙ ከተጮኸ በኋላ። ግንቦት ላይ ነው የሚውለው። በዚያ ሳምንት ሰው ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንዳሉት ይሆናል፤ ቀዩ ቀይ፣ ቢጫው ቢጫ፣ ዓይን ትልቅ፣ ጣት ረጅም። የድሮ ሠዓሊዎች ጻድቁን ከነሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ክፉውን ደግሞ በጎኑ አዙረው በአንድ ዓይን ይሥሉ ነበር፤ ሌንሱም እንደዚያው ያደርጋል። ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው። አንዳንዱ ሰው በሁለት ዓይን፣ አንዳንዱ በአንድ ዓይን መታየት ሲጀምር፣ ሕዝቡ ሌንሱ ልብ የሚያይ መሰለው። ሙሽራ የሚታጨው፣ ዘበኛ የሚቀጠረው፣ ነገር የሚያልቀው በጎንደር ሳምንት ሆነ። እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል አመነበት።

ታንጉት ግን እውነቱን ታውቃለች። የዘመነ ሥዕል አገልግሎት ቅርንጫፍ ውስጥ ቅሬታ ተቀባይ ናት፤ ዘጠኝ ዓመት እዚያችው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ያኔ ሥራ ስትጀምር የተሰጣት መመሪያ ገጽ አሥራ አራት ላይ ነገሩ በሁለት መስመር ተጽፏል። ሌንሱን የሚመራው ማሽን አራት ሺህ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲያይ ቆይቶ በገዛ ራሱ የተማረው ይህን ነው፤ ፊቱን ያዞረ፣ ዓይኑን የሰበረ፣ አንገቱን የደፋ ሰው በጎን ይሣላል። ሌላ ምንም የለውም። ልብ አያይም፤ አንገት ነው የሚያየው።

እንግዲህ አስበው። አንገቱን የሚደፋ ማን ነው? በደንብ ያደገ ሰው ነው። ትልቅ ሰው ሲያናግረው መሬት መሬት የሚያይ ልጅ፣ አማቷ ፊት ዓይኗን የማታነሳ ሙሽራ። በየግንቦቱ ታንጉት ፊት እየመጡ የሚያለቅሱት እነዚህ ነበሩ። አንዲት የሐርቡ ልጅ ልትታጭ ቀርባ፣ ጨዋነቷ በዝቶ በአንድ ዓይን ታይታ ተመልሳ፣ እናቷ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ አልቅሳለች። ታንጉት ለሁሉም የምታነበው መልስ አንድ ነው፤ "ሥርዓቱ በትክክል እየሠራ ነው። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።" ገጽ አሥራ አራትን ለውጭ ሰው ያወጣ ከሥራ ይሰናበታል። ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጅ የምታሳድግ ሴት ምን ታድርግ? አነበበች። ማታ ቤቷ ስትገባ ትረሳው ነበር።

ይታገሱ የሚሉት ያ አንድ ልጇ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ባጃጅ ይነዳል። ዓይነ አፋር ነው፤ ተሳፋሪ ሒሳብ ሳይከፍል ቢወርድ እንኳ አይጠይቅም። ባለፈው ሰኔ፣ በጉም ሳምንት፣ ማለዳ ላይ ከደሴ መንገድ ሲወርድ ነገሩ ሁሉ እንደ ሳምንቱ ልማድ የብርሃን ነጠብጣብ ሆኖበት፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌን ከብርሃኑ መለየት አቃተው። አቶ ይመር ይባላሉ፤ የሰባት ልጆች አባት። እዚያው ሞቱ። ፍርድ ቤት "የሳምንቱ ጥፋት ነው" ብሎ ይታገሱን በነጻ ለቀቀው።

መንግሥት ቢለቀው ደም አይለቅም። የሟች ታላቅ ልጅ አህመድኑር "የአባቴን ደም ውሻ አይልሰውም" ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ይታገሱ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ከቤት አልወጣም። በእነዚያ ወራት ሼህ አሊጋዝ የሚባሉ የአገር ሽማግሌ በሁለቱ ቤት መካከል ተመላለሱ፤ በመጨረሻ የሟች ወገኖች ደሙን ለማድረቅ እሺ አሉ። ግን አንድ ነገር ጠየቁ። እርቁ በጎንደር ሳምንት ይሁን አሉ፤ "ልጁ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በዓይናችን እንየው።"

ታንጉት ይህን ስትሰማ ገጽ አሥራ አራት ትዝ አላት።

ሰኞ ዕለት ቦርከና ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ መሐል፣ የሟች ወገን በቀኝ፣ የታንጉት ወገን በግራ። ይታገሱ እንደ ወጉ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ነጠላውን አደግድጎ መጣ። ጥፋተኛ ሰው አንገቱን ይደፋል፤ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ደፋ። ታንጉት ከተቀመጠችበት ሆና ልጇን አየችው። በጎኑ ዞሯል፤ ፊቱ ጠቁሯል፤ ያለችው አንዲት ዓይን ፈጣ፣ ከግንባሩ ልትወጣ ደርሳለች። ሲዖል በር ላይ ከሚሣሉት አንዱን መሰለ።

"ማሩኝ" አለ ሦስት ጊዜ። ድምፁ አይሰማም ነበር።

"አያችሁ?" አለ አህመድኑር ብድግ ብሎ። "አንገት ደፊ አገር አጥፊ ሲባል ሰምታችኋል? ይኸው! ከዚህ ጋር ነው ደም የማደርቀው?"

የሟች ወገኖች ነጠላቸውን እያራገፉ ተነሡ። የሟች ሚስት እማማ ፋጤ ብቻ፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ያልወጣቸው፣ ሰው ደግፏቸው የተነሡት መጨረሻ ላይ ነው። ሼህ አሊጋዝ እየለመኑ፣ እየተቆጡ፣ ጢማቸውን እየያዙ አንድ ቀን ብቻ አገኙ፤ ቅዳሜ። እሑድ ሳምንቱ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ አንቀመጥም ብለዋል።

ረቡዕ ዕለት ታንጉት ሼህ አሊጋዝ ቤት ሄደች። ገጽ አሥራ አራትን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን አቁመው አዳመጧት።

"ይህን ነገር ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?" አሏት።

"ዘጠኝ ዓመት።"

መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። "የወንድሜ ልጅ በአንድ ዓይን ታይታ ከባሏ ቤት የተመለሰችው በስድስተኛው ዓመት ነው" አሉ።

ታንጉት የምትገባበት ጠፋት። ይቅርታ ለማለት አፏን ከፈተች፤ የመጣላት ግን ያው ለዘጠኝ ዓመት ያነበበችው መልስ ነበር። መልሳ ዘጋችው።

"ዛሬ ተነሥተሽ ብትናገሪ ማን ያምንሻል?" አሉ ሼሁ። "ለልጇ ብላ ነው ይሉሻል። እኔ አምኜሻለሁ፤ ግን እኔ ብቻዬን ደም አላደርቅም። ሂጂና ለልጅሽ የሚበጀውን አድርጊ።"

ለልጇ የሚበጀው አንድ ነገር ነበር። ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ይታገሱን ወንበር ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ቆመች።

"ቀና በል።"

"እማ፣ ምን አደረግሁ?"

"ቀና በልና ዓይን ዓይኔን እየኝ። እስክልህ ድረስ እንዳትሰብር።"

ቀና አለ። ሁለተኛው ዓይኑ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ብቅ አለ፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ የመላእክት ዓይን። ፊቱ ክብ ሆነ፤ ቀለሙ በራ። ታንጉትን ደስታው አስደነገጣት። ሦስት እስክትቆጥር አልቆየም፤ አንገቱ በራሱ ጊዜ ወደቀና ዓይኑ ጠፋ።

"እንደገና።"

ልጁን አንገቱን እንዲደፋ ያስተማረችው እሷ ናት። ገና በአራት ዓመቱ እንግዳ ላይ ሲያፈጥ "አሳዳጊ የበደለው ልታሰኘኝ ነው?" ብላ ቆንጥጣዋለች። አሁን ያንኑ ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ አገጩን በእጇ ወደ ላይ እየገፋች ማፍጠጥ አስተማረችው። ሐሙስ ዕለት እስከ አሥር ቻለ። ዓርብ ዕለት ድንጋዩን ተሸክሞ እስከ ሃምሳ።

"እማ" አላት ዓርብ ማታ፣ "ሰው ገድዬ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሚስታቸው ፊት ልቁም?"

"አዎ ታጠብ!" ጮኸችበት። "ታጠብና በሕይወት ኑርልኝ!" ከዚያ ወጥታ ደጃፍ ላይ አለቀሰች። እሱ አልተከተላትም፤ ውስጥ ሆኖ ሲቆጥር ይሰማታል።

ቅዳሜ ዕለት ይታገሱ ዋርካው ሥር ድንጋዩን ይዞ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ገባ። ከሟች ወገን መካከል አንዲት ሴት "ላ ኢላሃ ኢለላህ!" ስትል ተሰማች። ሰኞ ዕለት ሰይጣን የነበረው ልጅ ዛሬ ሁለት ዓይን አውጥቶ፣ ፊቱ ወርቅ ሆኖ፣ ራሱ ዙሪያ ቢጫ ክብ በርቶለት ቆሟል። ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አህመድኑር በትሩን ወደ ጎኑ አስጠጋ። ሰኞ ያላየውን ነገር ዛሬ አይቷል፤ ያየውን ደግሞ ያምናል። ታንጉት ጣቷን በነጠላዋ ውስጥ ጨብጣ ትቆጥራለች። አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። ያዝልኝ ልጄ፣ ያዝልኝ።

"ማሩኝ" አለ ይታገሱ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

ሼህ አሊጋዝ ወደ ሟች ወገን ዞሩ። "ምን ትላላችሁ?"

መልሱን የሰጡት ያልተጠበቁት ናቸው። እማማ ፋጤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሰው ፊት ተናግረው አያውቁም።

"አንድ ነገር ልጠይቀው" አሉ። "ልጄ፣ ይመር በመጨረሻው ምን አለ?"

የታንጉት ቆጠራ ተቋረጠ። ይህን አልተለማመዱትም። ይታገሱ ያንን ማለዳ ለፖሊስም፣ ለዳኛም፣ ለእናቱም ተናግሮ አያውቅም፤ ሲጠየቅ "አላስታውስም" ብቻ ነበር የሚለው። አሁን አሮጊቷን ዓይን ዓይናቸውን እያየ፣ አንገቱ እየተንቀጠቀጠ፣

"ምንም አላሉም" አለ።

"ውሸትህን ነው" አሉ እማማ ፋጤ፤ ቁጣ የለባቸውም። "ይመር አርባ ስድስት ዓመት አብሮኝ ሲኖር ተኝቶ እንኳ ዝም ብሎ አያውቅም።"

አንድ ሁለት ሰው ሳያስበው ሳቅ አመለጠው። ይታገሱ ወደ እናቱ ዞር አለ። ታንጉት በአገጯ ወደ ላይ ምልክት ሰጠችው፤ ቀና በል፣ ቀና በል ልጄ! ተመለከታት። ምን እንደምትለው ገባው። ከዚያ ቀስ ብሎ አንገቱን ደፋ።

ክቡ ጠፋ። ዓይኑ አንድ ሆነ። ፊቱ ሰኞ ወደነበረበት ጠቆረ። ሰዉ ሁሉ አጉረመረመ፤ አህመድኑር በትሩን ይዞ ተነሣ። ታንጉት አለቀልኝ አለች። በቃ፣ ልጄን አጣሁት አለች።

"ተቀመጥ!" አሉ እማማ ፋጤ ልጃቸውን። "እኔ ላናግረው ፈልጌያለሁ። ይህ መልክ ነው እየመጣ እየሄደ የሚረብሸኝ።" ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንዲህ ቀላል ነበር፤ አሮጊት ሴት ዓይኗን ጨፈነች። "አሁን ንገረኝ። አንተም አህመድኑር ጨፍን። የእናትህ ትእዛዝ ነው።"

አህመድኑር ቆሞ ቀረ። ሼህ አሊጋዝ ጨፈኑ። አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌዎች ተከተሉ። ታንጉት ራሷ ከጨፈነች በኋላ መጀመሪያ የሰማችው በትር መሬት ላይ ሲቀመጥ ነው።

ጨለማው ውስጥ የይታገሱ ድምፅ የራሱ ነበር። ቀጭን፣ እየተቆረጠ የሚወጣ፣ ከሕፃንነቱ የምታውቀው።

"እ... እጄን ያዙኝ" አለ። "ማን ነህ፣ ፊትህ አይታየኝም አሉኝ። ስሜን ነገርኳቸው። አትሂድብኝ አሉኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ... ከዚያ ጫማዬ የታለ አሉ። አንዱ ወልቆ ነበር። ፈልግልኝ አሉኝ፤ አዲስ ነው፣ ፋጤ ጣልከው ብላ ትቆጣኛለች አሉኝ።"

ከሟች ወገን በኩል የሆነ ድምፅ ተሰማ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አይለይም።

"ሄድኩ። ልፈልግ ሄድኩ። አትሂድ ብለውኝ ነበር፣ ግን ጫማውን ደግሞ አጥብቀው ፈለጉት፣ የቱን እንደማደርግ... ምንም ነገር አይታይም፣ ሁሉ ጉም ነው፣ በእጄ እየዳበስኩ ነው ከቦዩ ውስጥ ያገኘሁት። ስመለስ አልቆዩኝም። ብቻቸውን ነው የሞቱት። ጥዬአቸው ሄጄ ብቻቸውን ሞቱ።" ድንጋዩ መሬት ላይ ሲወድቅ ተሰማ። "የገደልኳቸውስ ሳላያቸው ነው። ጥዬአቸው የሄድኩት ግን አውቄ ነው።"

የቦርከና ውኃ ይሰማል። ታንጉት እንዲህ ያለ ሸክም አሥራ አንድ ወር በአንድ ቤት አብሯት ሲኖር አላወቀችም፤ ወደ ላይ ስትገፋው የሰነበተችው አንገት ይህን ሁሉ ከሥሩ ይዞ ነበር።

"ጫማውን አደረግህለት?" አሉ እማማ ፋጤ።

"አዎ።"

"ክሩን አንተ ነህ ያሰርከው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ሁለቴ ቋጥረኸዋል። ይመር ሁለቴ አይቋጥርም ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ የማስርለት፣ አንድ ጊዜ ብቻ።" አሉ። "ስናጥበው ያን ቋጠሮ በጥርሴ ነው የፈታሁት። የትኛው ደግ ሰው ነው ያሰረለት እያልኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አላህ ይስጠው እያልኩ።"

ልብስ ሲንሻሻ፣ አንድ ሰው በጉልበቱ ሲሄድ ተሰማ። ከዚያ የአሮጊቷ እጅ የሆነ ነገር ሲዳብስ፣ ይታገሱም እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ ታንጉት ሰማች።

"እኔ ምሬዋለሁ" አሉ እማማ ፋጤ። "አህመድኑር?"

ታንጉት እንደገና መቁጠር ጀመረች።

"አንቺ ካልሽ" አለ አህመድኑር። "ምሬዋለሁ።"

"አሜን በሉ" አሉ ሼህ አሊጋዝ፤ ዱአውንም ጀመሩ። ደሙ ደርቋል፣ በልጅ በልጅ ልጅ አይመለስ፣ ቂም የያዘ አይደግ። አሜን የሚለው ድምፅ ከቀኝም ከግራም አንድ ላይ መጣ።

ታንጉት ልጇን ለማየት ጓጓችና ከሁሉም ቀድማ ዓይኗን ገለጠች።

ዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ በዱአው አቀርቅሯል። ሁሉም በጎኑ ዞሯል፤ ሁሉም ጠቁሯል፤ ሁሉም አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ሼህ አሊጋዝ እጃቸውን ዘርግተው፣ አህመድኑር ፊቱን በኩታው እያበሰ፣ እማማ ፋጤ የይታገሱን ራስ ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ ከሲዖል በር እንደተሰበሰበ ጭፍራ ታዩ። ሌንሱ በትክክል እየሠራ ነበር። ታንጉት ብቻ ነበረች ቀና ብላ፣ ሁለት ዓይኗን አፍጥጣ የቀረችው።

አፈረች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ አፍራ አታውቅም። አንገቷን ደፋችና ከሰዎቹ ጋር አሜን አለች።